ሚሌቼንቶዋን ማን ገደላት

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ላይ ተጠርቼ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የአትክልት ሥፍራ ተቀምጫለሁ። ሠርጉ እንደ ዘንድሮ ደንብ ጀንበር ሳትጠልቅ የሚያልቅ ስለነበር ሁሉም ነገር ጥድፊያ ነው፤ ምሳው በጥድፊያ፣ ጭፈራው በጥድፊያ፣ ኬኩም ተቆርሶ ሳያልቅ ሙሽሮቹ ለፎቶ ወደ ውሃው ዳር ተነዱ። ሙሽሮቹን ያመጣቻቸው መኪና በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ነጭ፣ አበባ የተለጠፈባት ናት፤ ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም። እኔ ዕድሜ ልኬን መኪናን በጆሮዬ የማውቅ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ድምፅ አልባ ነገር አጠገቤ ድንገት ሲቆም ደስ አይለኝም። ይህንኑ እያጉረመረምሁ ሳለ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጌትነት ነው። ከብዙ ዘመን በፊት እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል አብረን ሠርተናል። ፀጉሩ አልቋል፣ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ልጆች ደረሱ ወይ ተባብለን ሳናበቃ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ወዳሉት ወጣቶች ዞር ብሎ፣ «ይችን ሴትዮ ታውቋታላችሁ? የእኛን የውድድር መኪና የገደለች እሷ ናት!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ወጣቶቹም ሳቁ። የያዝሁትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስሁት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ጌትነት ግን ወግቶም አልረሳም፤ እያስታወሰ ነው የሚስቅ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህችን ወሬ በየሠርጉና በየዝክሩ ሲያወራት እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ቂሙንም ይተዋል ይላሉ፤ እኔ እንደ እውነቱ ከሆነ ሳረጅ ብሶብኛል። ድሮ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የኤሌክትሪኳ መኪና ባለቤት፣ የሙሽራው ጓደኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ «እውነት ነው እንዴ እማማ? ምን አድርገዋት ነው የሞተች?» አለኝ። «ቴስታታዋን አጣማ ላጨቻት» ብሎ ጌትነት ቀደመኝ። «ቴስታታ ምንድን ነው?» አለ ልጁ። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ የወጣው ይሄኔ ነው። የተከሰስሁበትን ነገር ስሙን እንኳ የሚያውቅ ወጣት በሌለበት ዘመን፣ እኔ አሁንም እከሰሳለሁ!

ቴስታታ የሞተር ክዳን ነው። ከታች ፒስተኖቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ እሱ ከላይ ድፍን አድርጎ ይዘጋባቸዋል። በመካከላቸው ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ ንጣፍ ይገባል፤ እሳቱ ከውሃው፣ ውሃው ከዘይቱ እንዳይገናኝ የሚከለክል እሱ ነው። ቴስታታው ከሥሩ በጥቂቱ ከተላጨ ፒስተኑ ቤንዚኑን የሚያምቅበት ቦታ ይጠብባል፣ ሞተሩም ጉልበት ያገኛል። ነገር ግን የተላጨው ፊት ዝርግ መሆን አለበት። አንድ ጎኑ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ መኪናዋም ከጥቅም ውጭ ትሆናለች። ይህን ለልጁ ስነግረው ጌትነት ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደ ዳኛ። እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ላለመወርወር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

ያኔ ባሕር ዳር ከዘንባባው መንገድ ወዲያ ብዙም አልነበረችም። ዛሬ ባጃጅ የሚራኮትበት ዓባይ ማዶ ሣርና የጎመን መደብ ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሮ የሚሄድን ሰው «በሰላም ግባ» ብለን እንደ መንገደኛ እንሸኘው ነበር። እኔ ከእንፍራንዝ መጥቼ፣ ብረት ሥራ ተምሬ፣ ፋብሪካው ውስጥ ብረት ቤት ከምንለው የማሽን ክፍል ተመደብሁ። ቶርኖና ፍሬዛ በሚባሉት የብረት መቁረጫ ማሽኖች ላይ የምትቆም ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። የሚሰጡን ሰማያዊ ቱታ ለወንድ የተሰፋ ስለሆነ ገበያው አጠገብ ከነበረ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ወገቡን አስጠበብሁት፣ በጡት ኪሱም ላይ በቀይ ክር ስሜን ጠለፍሁበት። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ እግረ ሰፊ ሱሪያቸው በሰንሰለቱ እንዳይበላ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው፣ በብስክሌት እንደ መንጋ ይወጡ ነበር። አውቶቡስ ተራው ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ትኩስ ትኩሱን። ከጎኑ ያለው ሙዚቃ ቤት ያንኑ አንድ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውተዋል፤ ዘፋኟን ዛሬ ረስቻታለሁ፣ ሳክስፎኑ ግን እስካሁን አንዳንድ ጊዜ ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል። ዛሬ በዚያ ጥግ ላይ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ሻዩን ስንት እንደሚሸጡት ጠይቄ በቁጣ ወጥቻለሁ።

ሚሌቼንቶዋን፣ ያችን የተከሰስሁባትን መኪና፣ ያገኘናት አንድ ሆቴል ጓሮ ነው። ባለቤቷ አገር ለቆ ሄዶ ኖሯል፤ ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ ዕንቁላል ይጥሉ ነበር። ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት፣ ክብ ክብ ዓይን ያላት። የፋብሪካው ስፖርት ክለብ ሊቀ መንበር፣ በሥራም አለቃችን የነበረው ፈንታሁን አያትና፣ «ይችን አብርረን የአዲስ አበባዎቹን እናሳፍራቸዋለን» አለ። ያን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ አንተ ብዬ ብጽፈው ይቅር በሉኝ። አሁን በሕይወት የለም፣ ነፍሱን ይማረው፣ ንዴቴ ግን አልሞተም። በዓመት አንድ ጊዜ በአየር ማረፊያው መንገድ የመኪና ሽቅድምድም ይደረግ ነበርና ዋንጫውን ሁልጊዜ ጭነው የሚሄዱት ከአዲስ አበባ የሚመጡት ነበሩ። እኛም ከሥራ ስንወጣ ጋራዡ ውስጥ እንሰበሰብ ጀመር። ወንበሮቿን ነቀልን፣ የበሮቿን ሽፋን ገፈፍን፣ ክብደቷ ቀለለ። ጌትነት ቤንዚን ከአየር በሚያቀላቅለው በአንዱ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ገጠመላት፤ የጭስ መውጫዋን ቀጥ ያለ ቱቦ አደረግነው። ቴስታታውን እኔ ወሰድሁት። ፍሬዛው ላይ አጥብቄ አስሬ፣ በስሱ በስሱ፣ ወንዶቹ «አልጨረስሽም እንዴ?» እያሉ ሲመላለሱብኝ ላጨሁት። ስጨርስ ጌትነትን ጠርቼ የብረት ማስመሪያ አጋድሜ አሳየሁት፤ በማስመሪያው ሥር ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረም።

መጀመሪያ የተነሣችበትን ቀን አልረሳውም። ድምጿ ደረት ውስጥ የሚገባ ነበር። ጋራዡ በር ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ፣ ጌትነት አቅፎኝ ዘለለ፣ ሊቀ መንበሩ ራሱ እጄን ጨበጠኝ። ቅዳሜ እንዲህ ነበረች። ሰኞ ስናስነሣት ትንተባተባለች! ፒስተኖቹ ከሚሮጡባቸው አራት ሲሊንደሮች ሁለቱ አይሠሩም። ቤንዚኑን ወደሚለኩሱት ካንዴላዎች የሚሄደውን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀልን ሞከርናት፤ ዳርና ዳር ያሉትን ስንነቅል ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል፣ የመካከለኞቹን ስንነቅል ግን ምንም አይመስለው፤ የሞቱት እነዚያ ናቸው። ጌትነት «ካርቡራተሩ ነው» ብሎ ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመው፤ ያው። «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ተባለ፤ በሻሽ አጠለልነው፤ ያው። ካንዴላ ቀየርን፣ ኮይል ቀየርን፣ አንዱማ የሰው ዓይን ነው ብሎ ከመስታወቷ ላይ ቀይ ክር አሠረባት። የራዲያተሩ ውሃ ግን ዕለት ዕለት ይጎድላል፣ መሬት ላይ አንድ ጠብታ ሳይፈስ። ዘይቱን ብናወጣው ውሃ ገብቶበት ማኪያቶ መስሎ መጣ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም፤ ቴስታታውን ፈታነው። ጓርኒሲዮኑ በመካከለኞቹ ሲሊንደሮች መሀል ተቃጥሎ ቀዳዳ ሆኗል። ማስመሪያዬን አጋደምሁበት። ቴስታታው ጎብጧል።

ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።  እኔም ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና፣ ምናልባት አስሬው የነበረው ላልቶ ይሆን ብዬ ራሴን ጠርጥሬ፣ ደግሜ ላጨሁት። ቅዳሜ እንደ ነብር ሮጠች። ሰኞ ተንተባተበች። ሦስተኛ ጊዜ ላጨሁት። ቴስታታ እንደ ፂም በየሳምንቱ የሚላጭ ነገር አይደለም፤ እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻው መጣል ነው። ጌትነት «እጅሽ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ በሰው ፊት። ወደ ቤቴ በእግሬ እየሄድሁ አሰብሁ። ብረት ያለ ምክንያት አይጎብጥም። ቅዳሜ ደህና፣ ሰኞ በሽተኛ። በመካከል ያለው እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ ከዚያም ቤቴ ነኝ፤ መኪናዋ የት እንደምትውል አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ።

የባሕር ዳር ሰው የሚያውቀው ነው፤ መኪና ያለው ሁሉ እሑድ እሑድ ጎማው እስኪጠልቅ ውሃው ውስጥ ነድቶ ገብቶ ያጥባል። ያኔማ ማጠብ ብቻ አልነበረም፣ መታየትም ነበር። ሴቶች ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን አስጠግተው ያያሉ፣ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ በዳጣ ይሸጣል። እኔ ስደርስ ሚሌቼንቶዋ ከአየር ማረፊያው መንገድ እየበረረች መጣች። ፈንታሁን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ራሱ ነው የሚነዳት። ሳትቆም፣ ሳትተነፍስ፣ ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ገባች። የፊት መክደኛዋ፣ ኮፋኖው፣ ተከፈተ። ጌትነት ባልዲውን ሞልቶ፣ ያንን እንደ ፍም የጋለ ሞተር በቀዝቃዛ ውሃ አለበሰው። እንፋሎቱ እንደ ደመና ተነሣ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ! ሌላ ባልዲ። ደግሞ ጭብጨባ። ለካስ በየሳምንቱ ሰው የሚሰበሰበው ለዚያች እንፋሎት ነው። ጫማዬን እንዳደረግሁ ውሃው ውስጥ ገባሁ። «አቁሙ! ቴስታታውን የሚያጎብጠው ይህ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «የሸክላ ድስት እንኳ ከእሳት እንደወረደ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፉበትም፤ ይሰነጠቃል! ትብረድ፣ ከዚያ እጠቧት!» ፈንታሁን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ። ነጠላዬ ረጥቧል፣ ሰው ይስቃል። «አንች ብረትሽን ላጭ። ማጠቡን ለእኛ ተይልን» አለ። ጌትነት ባልዲውን እንደያዘ ነበር። አየኝ፣ ሊቀ መንበሩን አየ፣ ከዚያም ባልዲውን ዝቅ አድርጎ እንደገና ሞላው።

የሽቅድምድሙ ቀን ዋዜማም ታጠበች፣ ለክብሩ። በማግሥቱ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ነጭ ጭስ ተፍታ ቆመች፤ የአዲስ አበባዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ አለፏት። በሳምንቱ ከክለቡ ግቢ ዋርካ ሥር ስብሰባ ተቀመጥን። የእኛ ሰው መቼም አንድ ነገር ሲበላሽ ከዛፍ ሥር መቀመጥና ጥፋተኛ መፈለግ ይወዳል። እዚያ ስብሰባ ላይ አንድም ሰው ቴስታታውን ይዞ አልመጣም፤ ሞተር መፍታቱን ትተው ሰው መፍታት ያዙ። እኔ ተነሥቼ ስለ ውሃው ተናገርሁ። «እሑድ ሐይቁ ዳር የነበራችሁ መስክሩ» አልሁ። አንድም እጅ አልተነሣም። ጌትነት ጫማውን ያያል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ አለ አንዱ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው፤ አህያው ፈንታሁን ነበር፣ ዳውላው እኔ። ወሩ ሳያልቅ ከብረት ቤት ተነሥቼ መጋዘን ተመደብሁ።

ደመወዜ አልተነካም። ባሌም፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ «ምን ጎደለብሽ? እጅሽ ከዘይት ተገላገለ» ይለኝ ነበር። መጋዘኑ ከብረት ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብሎንና ኩሽኔታ ስሰጥ፣ ስቀበል፣ ስደረድር ኖርሁ፤ በግድግዳው ማዶ ደግሞ ፍሬዛዬን ሌላ ሰው ሲያሠራት እሰማ ነበር። ብረቱን እያጣደፈ ይቆርጠዋል፣ ቢላዋው ይጮኻል። ያንን ጩኸት እየሰማሁ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም። አንዳንዶች ያለፈ ነገር ነው፣ ብረት ነው፣ ምን ያስቆጣል ይሉኛል። እኔ የማውቀው ሥራ እሱ ነበር። ወጥ የምትሠራን ሴት ሙያሽን ነጥቄሻለሁ የሚላት የለም፤ የእኔን ግን በጭብጨባ መሀል ነጠቁኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በልቤ እያለ ነው ጌትነት ሠርግ ቤት መጥቶ የሚስቅብኝ። ወንበሬን ወደ እሱ አዞርሁ።

«ጌትነት፣ ባልዲውን የያዝኸው አንተ ነህ። ለእነዚህ ልጆች ንገራቸው።»

ሳቁ ቆመ። «ኧረ የሺመቤት፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ ተይው።»

«ስታነሣውም የደስታ ቀን ነበር።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ዞሮ አየን። የሙሽራው አባት፣ የቀበሌያችን ሽማግሌ ናቸው፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። «ምን ነካችሁ? በሠርግ ቤት ኩርፊያ ነውር ነው። በሉ ተነጋገሩና ይለቅ» አሉ። ጌትነት በከዘራው ሣሩን ጫር ጫር አደረገ።

«ውሃው ነው» አለ በመጨረሻ። «የጋለ ሞተር ላይ ውሃ እየደፋን እኛ ነን ያጎበጥነው። እሷ አላጠፋችም። ያን ጊዜም እናውቅ ነበር።»

«ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ ታዲያ?» አለ የኤሌክትሪኳ መኪና ልጅ። እውነቱን ለመናገር ያን ልጅ በዚያች ሰዓት ወደድሁት።

«ሊቀ መንበሩን ማን ደፍሮ ይናገር ልጄ? እኛ ቤተሰብ የምናስተዳድር ነበርን። እሷ ደግሞ ባል አላት፣ ሴት ናት፤ መጋዘን ብትገባ ምን ትሆናለች ብለን ነው።»

ምን ትሆናለች! ይህንን ሲናገር ፊቱ ላይ ተንኮል የለም፤ ዛሬም ያምንበታል። በክፋት ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር። ዓመታት ሙሉ ጠላት አድርገው ያዩኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እንደ ሰው አስበውኝም አያውቁ። አፌን ስከፍት የሙሽራው አባት ቀደሙኝ። «በሉ ይኸው አመነ። እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይቅር ይበሉት።» ሰው ከበበን። ጌትነት ከዘራውን ለባለመኪናው ልጅ አስይዞ፣ ጉልበቴን ሊስም እየተንገዳገደ ጎንበስ አለ። ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ እየታየ እንዴት እምቢ ይባላል? ክንዱን ይዤ አቃናሁትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ያልሁትም ለእግዚአብሔር ብዬ ነው፣ ለእሱ ብዬ አይደለም።

«ተመስገን፣ ቀለለኝ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልሁት፣ ክንዱን ሳልለቅ። «ላጭቼ ስጨርስ ጠርቼ አሳይቼህ ነበር። ሥራዬ እንዴት ነበር?»

ጌትነት ቀና ብሎ አየኝ። አሁን አልሳቀም።

«እንደ መስታወት ፊቴን አይቼበታለሁ» አለ። «እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ ወዲህም አላየሁ።»

ይህችን ቃል ነበር ዋርካው ሥር የፈለግኋት። ያኔ ቢላት ኖሮ ፍሬዛዬ ላይ ቆሜ ባረጀሁ ነበር። አሁን ምን አደርጋታለሁ? ዕንባዬ በንዴት ዱብ ዱብ አለ፣ ልቆጣጠረው ብል አልቆም አለኝ፣ ጌትነትንም በያዝሁት ክንዱ ወዘወዝሁት። ሰዎቹ ግን የዕርቅ ዕንባ መሰላቸውና እልል አሉ።